ሁለቱ አውድማዎች

አጎቷ አራጋው ከብልባላ ገበያ የሰው ስልክ ለምኖ የደወለላት በ2003 ዓ.ም. ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው። ማኅሌት አዲስ አበባ ቢሮዋ ውስጥ ሥራ ላይ ነበረች።

«ልጄ፣ ቤቱ ሳይፈርስ መጥተሽ ብታዪው ደስ ይለኛል» አላት።

ለምን እንደሚፈርስ ጠየቀችው። ከወንዙ ላይ ግድብ ሊሠራ መሆኑን፣ ውሃው ሲሞላ ወይራ አምባን ስለሚውጠው ሠላሳ ስምንቱም አባወራ ወደ ኩልመስክ አቅራቢያ እንዲነሣ መወሰኑን ነገራት። አልተማረረም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። እሷን ያስፈራት ይኸው እርጋታው ነው።

ማኅሌት አባቷ ዘመኑ ሲሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። አራጋውና ሚስቱ አሰለች ናቸው ያሳደጓት። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ላሊበላ ዘመድ ቤት ተቀምጣ ተማረች፤ ከዚያ አዲስ አበባ ሄዳ የካርታ ሥራ ሠለጠነችና አንድ የግል ድርጅት ቀጠራት። ሥራዋ ፎቶግራሜትሪ ይባላል። የመንደሩ ሰው ይህን ስም ስላልያዘው «አራጋው ያሳደጋት ፎቶ አንሺ» ይላታል። እሷ ግን ፎቶ አንስታ አታውቅም። አውሮፕላን ከሁለት የተለያየ ቦታ ያነሣቸውን ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ አጣምራ በልዩ መነጽር ስታያቸው ተራራው ይነሣል፣ ገደሉ ይጎደጉዳል፤ እሷም የእያንዳንዱን ቦታ ከፍታ እየለየች በመስመር ታወጣለች። ሥራዋን ትወደው ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያላየችው የአገሪቱ ክፍል ጥቂት ነው፤ ሁሉንም ያየችው ግን ከላይ ነው።

የሁለት ሳምንት ፈቃድ ጠይቃ በወልድያ በኩል ላሊበላ ገባች፤ ከላሊበላ ብልባላ በአይሱዙ፣ ከብልባላ ወይራ አምባ በእግሯ ሄደች። በየቤቱ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። የአጎቷ ቤት አሥራ ሁለት ነው። ከአጎቷ ቤት በላይ የሚኖረው ምሥጋናው ለአዲሱ ቦታ ቀድሜ ልዘጋጅ ብሎ የቤቱን ቆርቆሮ ነቅሎ ደርድሮታል፤ ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ከግድግዳው ጥግ ሸራ ወጥረው ይኖራሉ።

«ካርታው ነው የፈረደብን» አሏት እትዬ አሰለች፣ እግሯን ውሃ እያፈሰሱላት። «ቀበሌ ተለጥፏል። ውሃው የሚደርስበት ሰማያዊ መስመር ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያልፋል።»

በማግስቱ ጠዋት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄዳ ካርታውን አየችው። ከመጀመሪያው እይታ አወቀችው። ከታች ጥግ ላይ የድርጅቷ ስም፣ ከሥሩ ደግሞ «ያዘጋጀችው፦ ማኅሌት ዘመኑ» ይላል። ባለፈው ዓመት የሠራችው ነው፤ ሰማያዊው መስመር ብቻ በኋላ የተጨመረ ነው። ለልማት ጥናት ነው ከመባሉ ሌላ ለምን እንደሚውል የነገራት አልነበረም። የራሷ አገር ደርሷት ስለነበር በሁለት ቀን ደስ ብሏት ጨርሳው ነበር።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንደገና አየችው። በካርታው ላይ ከወንዙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው አቀበት ለስላሳ ነው። እሷ ግን በልጅነቷ ውሃ ቀድታ ስትወጣ ሁለት ጊዜ እንስራውን አውርዳ ታርፍ ነበር። ካርታው የሚያሳየው አቀበት አንዴም ለማረፍ የሚያስገድድ አይደለም። የሆነ ነገር ትክክል እንዳልሆነ ገባት፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀችም።

አጎቷ ጤፍ ሊወቃ ስለነበር ወደ አውድማው ወረደች። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው፣ ልጅ ሆና ጭድ ላይ የተንከባለለችበት አውድማ ባዶ ነው። አጎቷ እዚያ የለም።

«እዚህ ነኝ፣ ወደ ታች ውረጂ» ብሎ ተጣራ።

ከገደሉ ሥር፣ ከመጀመሪያው አውድማ በብዙ ዝቅ ብሎ፣ በእበት የተለቀለቀ ሌላ ክብ አውድማ አለ። እሷ የማታውቀው ነው።

«ይኼ መቼ ተሠራ?»

«አንቺ አዲስ አበባ በገባሽ በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል። ከታችኛው ማሳ ነዶ ተሸክሞ አቀበቱን መውጣት ሲሰለቸኝ እኔው ነኝ የሠራሁት።»

«ቀያሾች መጥተው ነበር? ባለሦስት እግር መሣሪያ የያዙ?»

«አዎ፣ ከሁለት ዓመት በፊት። እዚሁ መሀሉ ላይ ተክለውት ግማሽ ቀን ቆሙ። ነጭ ቀለም ቀብተው ነበር፤ ዝናቡ አጠበው።»

ማኅሌት ቀና ብላ ገደሉን አየችው። ፀሐይዋ ገና ከጀርባው ስለሆነች ጥላው ታችኛውን አውድማ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። አውሮፕላኑም ያለፈው በጠዋት ነው። ያኔ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነላት። ካርታ ሲሠራ ቀያሾች መሬት ላይ የለኩት ነጥብ ፎቶው ላይ ተፈልጎ ምልክት ይደረግበታል፤ የአካባቢው ከፍታ ሁሉ ከዚያ ይነሣል። የቀያሾቹ ደብተር «አውድማ መሀል» ይል እንደነበር ታስታውሳለች። ፎቶው ላይ አንድ አውድማ ብቻ ታያት፤ እሱንም ከልጅነቷ ታውቀዋለች። የሌላ ሰው አገር ቢሆን ከደብተሩ ጋር የተያያዘውን ንድፍ አውጥታ ታመሳክር ነበር። አገሯ ስለሆነ አላመሳከረችም። የታችኛውን አውድማ ከፍታ ለላይኛው ሰጠችው፤ መንደሩም እንዳለ በካርታው ላይ ዝቅ አለ። ቦታው የበረራው ጫፍ ስለነበር ስህተቱን የሚያጋልጥ ሌላ ነጥብ በአቅራቢያው አልነበረም።

ለአጎቷ ምንም አልነገረችውም። ባልተጣራ ነገር ተስፋ ልትሰጠው ፈራች። ወዲያው ወደ ብልባላ ተመልሳ ለአለቃዋ ለአቶ ደባሱ ደወለችላቸው።

«ጋሽ ደባሱ፣ የመስክ ደብተሩን ያውጡልኝ። የብልባላውን። ከአውድማው ነጥብ ጋር ያለውን ንድፍ ይዩልኝ።»

ስልኩን ሳይዘጉ ሄደው ሲመለሱ፣ ወረቀት ሲገለጥ ሰማች።

«ንድፉ ላይ ሁለት ክብ አለ» አሉ። «ነጥቡ ታችኛው ላይ ነው። አንቺ የቱ ላይ ነው ያደረግሽው?»

«ላይኛው ላይ።»

ወረቀቱ እንደገና ሲገለጥ ሰማች።

«ያጣራሁት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ከሥሩ ፈርሜበታለሁ። እዚያው ቆዪ፤ ነገ ቀያሽ ከደሴ ይነሣል። ለግድቡ ሰዎች ዛሬውኑ ራሴ እጽፍላቸዋለሁ።»

«ከሥራ እባረራለሁ?»

«እሱን አሁን አላውቅም፣ ማኅሌት። መጀመሪያ ሰዎቹ።»

መንገዱን ስትመለስ ምን ብላ እንደምትነግራቸው ስታስብ ነበር። ዝም ብላ ብትጠብቅ፣ «ካርታው ተሳስቶ ነበር» ተብሎ ብቻ ሊያልፍ እንደሚችል አውቃለች። ግን የምሥጋናው ልጆች ሸራ ሥር እያደሩ እንዴት ዝም ይባላል። አመሻሹ ላይ አጎቷ የመንደሩን ሰዎች ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሰበሰበላት። የመንደሩ ቄስ አባ ገብረ ሊባኖስ መሀል ተቀምጠዋል።

«ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች ቆማ። «ሁለቱን አውድማዎች አምታትቼ ነው። መንደሩን ካለበት ዝቅ አድርጌዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ምሥጋናው ነጠላውን ከትከሻው ላይ አስተካክሎ ተነሣና ወደ ቤቱ ሄደ።

«ስንት ክንድ ነው የተሳሳትሽው ልጄ?» አሉ ቄሱ።

«ከሠላሳ ክንድ ሳይበልጥ አይቀርም፣ አባ።»

«ታዲያ ውሃው የት ድረስ ይመጣል?»

«ሳይለካ አልናገርም። አንድ ጊዜ ሳላጣራ ሠርቼ ነው እዚህ ያደረስኳችሁ። ይፍቱኝና ቀያሾቹ እስኪመጡ ይጠብቁኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ። «እንጠብቃለን። ከመጠበቅ ሌላ ምን ሥራ ነበረን።»

አራት ቀን ጠበቁ። እነዚያ አራት ቀናት ለማኅሌት ከዘጠኙ የሥራ ዓመቶቿ ይልቅ ረዘሙባት። እህል አልበላ አላት። እትዬ አሰለች አንዴም ስለ ካርታው አላነሡባትም፤ ሳህኑን ፊት ለፊቷ አስቀምጠው እስክትቀምስ ድረስ ከአጠገቧ አይነሡም።

በአምስተኛው ቀን ሐቢባ የምትባል ቀያሽ ከሁለት ረዳቶቿና ከግድቡ መሐንዲስ ጋር መጣች። ሐቢባ ብዙ የማታወራ የደሴ ሴት ናት። የመስክ ደብተሩን ንድፍ አውጥታ ሁለቱንም አውድማዎች በእግሯ ዞረች፤ ከዚያ ጂፒኤሱን ታችኛው ላይ፣ ቀጥሎ ላይኛው ላይ፣ ቀጥሎ በቤተ ክርስቲያኑ በርና በየቤቱ ደጃፍ ላይ ተከለች። ሁለት ቀን ፈጀ። መሐንዲሱ ቁጥሩን በራሱ ወረቀት ላይ እየጻፈ ከኋላዋ ይከተላል። ማኅሌት መሣሪያውን ተሸክማ ከማገዝ በቀር ቁጥር ውስጥ አልገባችም፤ እንዳትገባ ራሷ ለምናለች።

በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሐቢባ ኮምፒውተሯን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ሠርታ ጨረሰችና ማኅሌትን ጠራቻት።

«የአሥራ ሰባት ሜትር ልዩነት ነው» አለቻት። «ዝቅተኛው ቤት ውሃው ሲሞላ ከሚደርስበት በአሥራ አንድ ሜትር ከፍ ይላል። አልሐምዱሊላህ በይ።»

ማኅሌት ቁጢጥ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሐቢባ አጠገቧ ቁጭ ብላ ጠበቀቻት።

መሐንዲሱ ሰዎቹን ሰብስቦ ነገራቸው። ግድቡ ይሠራል፤ ከመንደሩ ግን የሚነሣ ሰው የለም። ውሃው አራት ማሳና የታችኛውን መስክ ይወስዳል፤ ለእነሱ ምትክ ይሰጣል። ታችኛውን አውድማም ጠርዙን ይነካዋል። ሰዎቹ ወዲያው አላመኑትም። እንደገና አስነገሩት፤ ከዚያ አባ ገብረ ሊባኖስ እንዲጽፍና እንዲፈርም ጠየቁት። ከፈረመ በኋላ ነው ሴቶቹ እልል ያሉት።

«አውድማዬ ይሄዳል ማለት ነው» አለ አራጋው እየሳቀ። ማኅሌት እንዲህ ሲስቅ ካየችው ዓመታት አልፈዋል። «ይሂድ። ውሃው እስኪመጣ ጤፌን ወቅቼ እጨርሳለሁ።»

በዚያው ቀን ብልባላ ሄዳ ለአቶ ደባሱ ደወለችላቸው። ድርጅቱ ለሁለቱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷቸዋል። ሥራዋ ላይ ትቆያለች፤ ከእንግዲህ ግን ማንም ባለሙያ የትውልድ አካባቢውን ብቻውን እንዳይሠራ ተወስኗል።

«ጥሩ ውሳኔ ነው» አለቻቸው፤ ከልቧ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰዳት። በማግስቱ ስትነሣ ፀሐይዋ ወጥታ ነበር። ቁርሷን እንደበላች ወደ ምሥጋናው ቤት ወጣች። እሱ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ፣ ሲነቀሉ የተጣመሙትን በመዶሻ እያቀና ነበር። ቀና ብሎ አያትና ሥራውን ቀጠለ።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለችው።

«ልጆቼ ሦስት ሳምንት በብርድ አደሩ።»

«አውቃለሁ።»

«ትንሿ እስካሁን ታስላለች።» መዶሻውን አስቀመጠ። «በጣም ተናድጄብሽ ነበር። አሁንም አልለቀቀኝም። ትላንት መሐንዲሱ ሲፈርም ግን ገብቼ አለቀስኩ። አባቴ የተቀበረው እዚህ ነው።»

ምሥጋናው መሰላሉን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ሚስማሮቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ፈቃድሽ ሊያልቅ ነው ብለውኛል» አለ።

«ሁለት ቀን ይቀረኛል።»

«በሁለት ቀን ይህን ወገን እንጨርሰዋለን። በይ ያንን ጫፍ ያዢልኝ፤ ስለታም ነው፣ እጅሽን በጨርቅ ጠቅልዪው።»

የነጠላዋን ጫፍ እጇ ላይ ጠቅልላ ቆርቆሮውን አነሣች።