የተፈቀደው ቢራ

ኮማንደር የቢራ ጠርሙሱን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስደግፎ በመዳፉ ሲመታው ቆርኪው ተስፈንጥሮ የተገፈፈ ሶፋ ስር ገባ። ከዚያ ከመደርደሪያው ሁለት ብርጭቆ አወረደና በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋቸው።

እሜቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። ቢራው አልገረማትም፤ የገረማት ሁለተኛው ብርጭቆ ነው።

«ይኼኛው የማን ነው?» አለች።

«የማን ይሆናል? እዚህ ካንቺ ሌላ ሰው አለ?»

«የኔ?»

«ግማሽ ብቻ። እንደ ድሮው» አለና አረፋው እንዳይበዛ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጎ ቀዳላት።

ኮማንደር የፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ሥራው ሶፋ ማልበስ ነው። ማዕረጉን የሰጠችው ሚስቱ ናት፣ ጡቷን ታማ ሕክምና በጀመረች ሰሞን። እሷን ደግሞ «እሜቴ» ያላት እሱ ነው፤ ገና ሲጋቡ ለቀልድ የወጣላት ስም ሰፈሩን አዳርሶ ዛሬ ደንበኛው ሁሉ በዚያው ይጠራታል። ከሕመሙ በፊት ባልና ሚስቱ አንድ የማይታጠፍ ልማድ ነበራቸው። ማታ ሱቁን ከመዝጋታቸው በፊት አንዲት ቢራ ለሁለት ይካፈላሉ፤ እሱ እጁን ከሙጫ እያላቀቀ፣ እሷ ከቀሚሷ ላይ ክር እየለቀመች። ከግማሽ በላይ ጠጥታ አታውቅም፤ ያቺን ግማሽ ግን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም ነበር።

ሕክምናው ሲጀመር ግን ሰውዬው ባንዴ ኮማንደር ሆኖ አረፈው። ኬሞውን በምትወስድበት ጊዜ ይቅርና ኬሞውም ጨረሩም አልቆ በቀን አንዲት ክኒን ብቻ በቀረላት ጊዜ እንኳ አልላላም። በእህቱ ልጅ ሠርግ ላይ የያዘችውን ወይን በሰው ፊት ነጥቆ ለአስተናጋጅ መልሷል። ኬክ ሲቀርብላት አሽትቶ ነው የሚያቀብላት። የሳል ሽሮፕ ሳይቀር መነጽሩን አድርጎ ያነባል። አንዲት ጎረቤታቸው «አንድ ጉንጭ ምን ያደርጋታል?» ብትል እስከ ዛሬ ሰላምታዋን በአንገቱ ብቻ ነው የሚመልሰው። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ምን ነክቶት ነው በገዛ እጁ የሚቀዳው?

ነገሩ አልጥም አላት።

«ምን ተገኘ?» አለች።

«ምን ይገኛል? ደክሞሻል፤ ተጫወቺ ብዬ ነው።»

«ሲጋራም ጀምሪ በለኛ።»

ሳቀ። ሳቁ ግን ትንሽ ረዘመ፤ እሱ እንዲህ የሚስቀው ደንበኛ ሲያባብል ነው። ብርጭቆዋን አንስታ አሸተተችው። ሽታው አንጀቷ ድረስ ገባ፣ ናፍቋት ነበርና። አፏ ጋ ስታደርሰው ግን እናቷ ትዝ አለቻትና መልሳ አስቀመጠችው።

እናቷን ዕድሜ ልኳን ጨው ከልክለዋት ነበር። መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ሐኪሙ ልጆቿን ኮሪደር ላይ ሰብስቦ «ከእንግዲህ የጠየቀችውን ስጧት» አለ። ጨውን በእጇ የነሰነሰችላት እሜቴ ራሷ ናት። እናቲቱም ቀምሳ «ዛሬስ ጣፈጠኝ፤ ተሽሎኛል መሰለኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ እሜቴ ክልክል ነገር በድንገት ሲፈቀድ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም።

ባለፈው ሳምንት ለክትትል ሄደው ነበር። እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ልብሷን ስትለብስ ኮማንደር ከሐኪሟ ጋር ቀርቶ ሲያንሾካሽክ ሰምታዋለች። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «አቧራ ገባብኝ» አላት፤ ወለሉ ገና ተወልውሎ ጠረኑ አፍንጫ በሚሰነፍጥ ሆስፒታል ውስጥ! ታክሲ ውስጥ ደግሞ እጇን ያዘ። በትዳር ዘመናቸው ታክሲ ውስጥ የሚይዘው የምስማሩን ከረጢት ነበር።

ኮማንደር የኋላውን በር ሊቆልፍ ሲገባ ቢራዋን ጨርቅ የተዘፈዘፈበት ባልዲ ውስጥ ደፋችው።

ተመልሶ ባዶውን ብርጭቆ ሲያይ ፊቱ በራ። «ጠጣሽው?»

«ጠጣሁት።»

«እሰይ! እሰይ የኔ እናት!» አለና ፊቱን አዙሮ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ያስፈራት ይኼ «እሰይ» ነው። ሌሊቱን ሙሉ እብጠት ፍለጋ ብብቷን ስትዳብስ አደረች።

ጠዋት ገና ሱቁን ሲከፍቱ ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ደወለች።

«እማዬ፣ ቅዳሜ እንመጣለን፤ ልጆቹን ይዤ።»

«ትምህርት አይደለም እንዴ? ማን ሞቶ?»

«ኧረ እማዬ ደሞ! ናፍቀሽኝ ነዋ።»

«አባትሽ ምን ነገረሽ?»

«ምንም! ምን ይነግረኛል?» አለች ልጅቱ። «ምንም» ያለችው ጥያቄው ሳያልቅ ነው። እሜቴ ስልኩን ዘጋችና ባሏን በጎን አየችው። ምስማር በከንፈሩ ይዞ ስፖንጅ ይለካል፤ ጆሮው ግን ወደ እሷ ቆሟል።

«ምን አለች?» አለ በምስማሮቹ መሃል።

«ልትመጣ ነው።»

«ውይ፣ ጥሩ ነዋ!» አለ፤ መገረሙን ማስመሰል ግን አልሆነለትም።

በዚህ መሃል የሶፋው ባለቤት፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ በሩ ላይ ብቅ አለች። ኮማንደር ፈጠን ብሎ የተገፈፈውን ሶፋ በአሮጌ አንሶላ ሸፈነው። ይኼ የቤቱ ሕግ ነው። ደንበኛ ሶፋውን ሲያመጣና ሲወስድ ብቻ ነው የሚያየው። መሃል ላይ፣ ጨርቁ ተገፎ ምስጥ የበላው እንጨትና የዛገው ሽቦ ወጥቶ ካየ ይደነግጣል፤ ይሸሻል፤ ወይ «ይኼማ አብቅቶለታል» ብሎ ጭቅጭቅ ይጀምራል። ሕጉን ያወጣው ኮማንደር ነው፤ እሜቴም ዕድሜዋን ሙሉ አክብራዋለች።

«ትንሽ ልየው ብዬ ነበር» አለች አስተማሪዋ።

«ሲያልቅ ነው የሚታየው፣ እትዬ። እርስዎ ምን አስጨነቀዎት? ጭንቀቱን ለኛ ይተዉት» አለ ኮማንደር በዚያው በማባበያ ድምፁ።

እሜቴ መቀሱን አስቀመጠች። ድምፁን አወቀችው። ማታ «ምን ይገኛል? ደክሞሻል» ያላት በዚሁ ድምፅ ነው።

«ክር ልግዛ» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ወደ ክር ቤቱ አልሄደችም። ሆስፒታል ሄደች፤ ቀጠሮ ስላልነበራት አግዳሚ ላይ ብዙ ተቀመጠች። አጠገቧ ፀጉሯ የረገፈ ወጣት ሴት ነበረች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሜቴ እጇን ይዛ ታጽናናት ነበር፤ «የኔ በጊዜ ነው የተገኘው፤ ሌላ ቦታ አልደረሰም፤ ያንቺም እንደዚያው ይሆናል» ትላት ነበር። ይህን ለስንቷ ብላዋለች! ዛሬ ግን ምላሷ አልታዘዝ አለ።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጇ የምትሆን፣ ፈጣን ንግግር ያላት ሴት ናት። በሩን ከፍታ ስታያት ደነገጠች።

«ምነው፣ አመመዎት እንዴ? ባለቤትዎስ?»

«ብቻዬን ነኝ። ዶክተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እየሞትኩ ነው?»

«ማን እንዲህ አለዎት?»

«ማንም አላለኝም። ባሌ ቢራ ቀዳልኝ።»

ሐኪሟ ሳቋን ለመያዝ ታገለች፤ የሴትዮዋን ፊት ስታይ ግን ሳቁ ራሱ ጠፋ። ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች።

«ይስሙኝ። አልተመለሰም። ምርመራው ንጹህ ነው፤ ደምዎም፣ ራጅዎም። ለባለቤትዎ ይህንኑ ነው የነገርኳቸው። እንደ ልጅ ነው ያለቀሱት። ከዚያ ስለ ቢራው ጠየቁኝ፤ 'ድሮ ማታ ማታ ግማሽ ትጠጣ ነበር፤ አሁን ይፈቀድላታል ወይ?' አሉኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ባትጠጣ እመርጣለሁ አልኳቸው። አልኮል ለጡት ካንሰር ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ነው፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል፤ ጨርሶ ቢቀር ደግሞ የተሻለ። ግን አልፎ አልፎ ትንሽ ብትቀምስ ሰማይ አይደፋም፤ ውሳኔው የራሷ ነው አልኩ። እሳቸው መጨረሻውን ብቻ ነው መሰለኝ የሰሙት።»

እሜቴ ትንፋሿን ለቀቀች። ደስ አላት። ይህ ሁሉ ፍርሃት በግማሽ ብርጭቆ ቢራ! ልትስቅም ቃጣት።

«ባለቤትዎ ቢያለቅሱ አይግረምዎት» ቀጠለች ሐኪሟ። «በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የብብትዎ ንፍፊቶች በካንሰሩ ተይዘው ስለነበር፣ እስካሁን ሁላችንም ስንሰጋ ነበር።»

«ምን ተይዞ ነበር?»

ሐኪሟ ካርዱን ከጠረጴዛው አንስታ ገለጠች። ከዚያ ቀስ ብላ «አያውቁም ነበር?» አለች።

«በጊዜ ነው የተገኘው፤ የትም አልደረሰም ብለውኛል።»

«ማነው ያለዎት?»

እሜቴ ወደ በሩ፣ ወደ አግዳሚው አየች። አግዳሚው ላይ ያጽናናቻቸው ሴቶች አንድ በአንድ ታዩዋት። አፏን ሞልታ የማታውቀውን ስታወራ ኖራለች። አለመሞቷ ያስደሰታትን ያህል እፍረቱ አቃጠላት፤ ከእፍረቱ በላይ ደግሞ ንዴቱ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ሐኪሟ። «ያኔ ሌላ ሐኪም ነበር። ለቤተሰብ ነግሮ ይሆናል። እኔም የሚያውቁ መስሎኝ ነው።»

«እርስዎ ምን አጠፉ? አሁን ግን ሁሉንም ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። ለኔ።»

ነገረቻት። ስትወጣ እሜቴ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆመች።

«ስለ ቀጠሮና ስለ ውጤት የምትደውሉበትን ስልክ ለውጪልኝ፣ ልጄ።»

ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየች። «ያለው የባለቤትዎ ነው። የእርስዎን ልጨምረው?»

«አትጨምሪው። የሱን አጥፊና የኔን ጻፊ።»

ሱቁ ስትደርስ ሊመሽ ነበር። አስተማሪዋ ተመልሳ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች፤ ኮማንደር አንሶላው ፊት ተገትሮ ያባብላል። እሜቴ ሁለቱንም አልፋ ገባችና አንሶላውን በአንድ እጇ ገፈፈችው።

«ይዩት፣ እትዬ።»

«አንቺ!» አለ ኮማንደር።

«ይኼ እግሩ ተበልቶ ነበር፤ ቆርጠን ቀይረነዋል። ሽቦው ገና ነው። ቀሪው ደህና ነው፤ በጣትዎ ይንኩት።»

አስተማሪዋ ጎንበስ ብላ ነካካችው። አልጮኸችም፤ አልሸሸችም። «እኔ እኮ የባሰ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቼ ነው የመጣሁት» ብላ አመስግና ሄደች።

ኮማንደር አንሶላውን ከወለሉ ላይ አነሳ። «ምን ሆነሻል ዛሬ? ክሩስ የታለ?»

«ክር አልገዛሁም። ሐኪሟ ጋ ሄጄ ነበር። ስለ ብብቴ ነገረችኝ።»

አንሶላውን እንደያዘ ሶፋው አጥንት ላይ ተቀመጠ። አጣጥፎ መልሶ ዘረጋው።

«የቀዶ ሕክምናሽ ቀን ዶክተሩ ወጥቶ ነገረኝ» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ገና አልነቃሽም ነበር። ስትነቂ እነግራታለሁ አልኩ። ነቃሽና 'አለቀ?' አልሽኝ። 'አለቀ' አልኩሽ። ከዚያ ወዲያ እንዴት አድርጌ ልመልሰው?»

«ልጄም ታውቃለች።»

«ብቻዬን ስላልቻልኩ ነው። ቅዳሜ የምትመጣውም ንጹህ መባልሽን ሰምታ ነው፤ ላንቺ ብነግርሽ ግን 'ምን ፈርተህ ነበር?' ትይኛለሽ ብዬ ተውኩት።»

አሳዘናት። ተሸክሞት የከረመው ነገር ትከሻው ላይ ይታያል፤ ቢሆንም ንዴቷ አልበረደም።

«አንተ እኮ ደንበኛ አደረግኸኝ» አለችው። «እኔ የዚህ ቤት ባለሙያ ነኝ፤ ደንበኛህ አይደለሁም።»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔስ? ትናንት ማታ ገድለኸኝ ነው ያደርከው። ቢራውንም አልጠጣሁትም፤ ባልዲው ውስጥ ነው የደፋሁት።»

ቀና አለ። «ጠጣሁት አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ። ሲዋሽህ ደስ ይላል?»

ዓይኑ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ጠረጴዛው ላይ የዛሬው ቢራ ተከፍቶ ሁለቱ ብርጭቆዎች ተቀድተው ነበር፤ ክር ልትገዛ ወጥታ ስትመጣ ሊያስደስታት። እሜቴ የራሷን አንስታ የሱ ላይ ገለበጠችው። አረፋው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«ከለከለችሽ ማለት ነው?» አለ በፍርሃት። «እኔ እኮ ትችላለች ያለች መስሎኝ…»

«አልከለከለችኝም። ባይጠጣ ይሻላል፤ ውሳኔው ግን ያንቺ ነው አለችኝ። ለዛሬ ውሃ ይበቃኛል። የነገውን ነገ አስብበታለሁ።»

ብርጭቆዋን አጥባ ውሃ ቀዳችና መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ተጠግታ አይደለም፣ ርቃም አይደለም። ሁለቱም ትንሽ ጠጡ። ኮማንደር እንደ ልማዱ ከኪሱ ስልኩን አወጣ።

«የሚቀጥለው ቀጠሮሽ መቼ ነው የተባለው? ሲደውሉ…»

«ሲደውሉልኝ እነግርሃለሁ» አለችና የራሷን ስልክ በሁለቱ ብርጭቆዎች መሃል አስቀመጠችው።