አመድ በወርቅ ሚዛን

ሰሚሐ አባቷን ሐጂ ሙሀመድየሱፍን የባሕር ዛፍ ማገዶ አስትታ የወረታን የሩዝ ገለፈት ያስለመደቻቸው በብዙ ልመና ነበር። ከጣና ዳር ሆቴሎች የሚመጣውን አንሶላ የሚያጥበው ላውንደሪያቸው እንፋሎት የሚያገኘው ከአንድ አሮጌ ቦይለር ነው። አሁን ግን ከቦይለሩ ሥር የሚወጣው አመድ ጠቆረባቸው። ጥቁሩ ሳይነድ የቀረ ከሰል ነው፤ ከአመዱ ሩቡ ከሰል ከሆነ ወደ ባሕር ዛፋችን እንመለሳለን ብለው ቁርጡን ነገሯት።

ላቦራቶሪ የሚያስኬድ አቅም አልነበረም። ስለዚህ አመዱን በጣሳ ይዛ፣ አባቷን አስከትላ፣ ገበያ ውስጥ ወዳሉት ወርቅ ሠሪ ወደ ጋሼ አስናቀ ሄደች። የስንዴ ፍሬ ክብደት የማያመልጠው ሚዛንና እሳት የማይፈራ ማቅለጫ ያለው እሳቸው ዘንድ ነው። አመዱን መዝነው፣ ጥቁሩ ነጭ እስኪሆን አግለው፣ እንደገና ቢመዝኑት የጎደለው ከሰሉ ነው።

«ስንቱን ወርቅ ሳቀልጥ ኖሬ አመድ መዘንሁ» አሉ ጋሼ አስናቀ። «በይ፣ ከቀለጠ ቀለበት እሠራልሻለሁ።»

አመዱ ግሎ፣ ቀዝቅዞ ሲመዘን ግማሹ የለም። ሐጂ ባሕር ዛፍ ነጋዴው ዘንድ ሊደውሉ ስልካቸውን አወጡ። ሰሚሐ አንገቷን ደፋች። ወርቅ ሠሪው ግን ጢማቸውን እያሻሹ፣ አመዱ እሳት ሲነካው እንደ ዓሣ መጥበሻ መንጫጫቱን አነሡ። ደረቅ አመድ መች ይንጫጫል?

ሰሚሐ ግንባሯን መታች። የቦይለሩ ሠራተኛ ፍቅረ ማርያም አመድ ባወጣ ቁጥር ውኃ ያርከፈክፍበታል፤ አለዚያ የሐይቁ ነፋስ አንሥቶ የተሰጣውን ነጭ አንሶላ አመድ ያለብሰዋል። ለካ ውኃውንም ከከሰል ቆጥረውት ኖሯል።

ሮጣ ተመለሰች። ከዚያው ክምር ሌላ ጣሳ ሞልታ፣ በትሪ አድርጋ በጋለው የአንሶላ መተኮሻ ላይ አሰጣችው። ፍቅረ ማርያም መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«አመድ ሲተኮስ ዛሬ አየሁ» አለ። «ስታጥፊውም ጥሪኝ።»

አብሯት ወደ ወርቅ ሠሪው መጣ። በዚህኛው የጎደለው ከአሥር እጅ አንዱ ብቻ ነበር። ሐጂ አጎንብሰው ሚዛኑን ራሳቸው አዩ፤ ከደረቀው ሌላ እፍኝ አስቃጠሉ፤ ያው ነው። ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱና ወደ ሰሚሐ ዞሩ።

«ዝናብ ላበቀለው እህል ዘካው ስንት ነው፣ ልጄ?»

«ከአሥር አንድ፣ አባ።»

«እንግዲያ እሳቱ ዘካውን አወጣ እንጂ አላባከነም። ገለፈቱ ይቀጥል።»

ፍቅረ ማርያም፣ እኛስ አሥራት እንል የለ ብሎ ሳቀ። ጋሼ አስናቀ ነጩን አመድ እንደ ጌጥ በቀይ ወረቀት ጠቀለሉና ለሰሚሐ ሰጧት።

«ቀለበቱስ አልወጣም» አሉ፤ «ወርቅሽን ውሰጂ።»