የዊድሊን ፀጉርና የማሬን የጉሎ ዘይት

በማሪጎ መንደር ከባሕሩ ዳር እስከ ዳገቱ አናት ቢዞር የዊድሊንን ያህል ፀጉር ያላት ሴት አትገኝም። ይህን የሚለው ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሷ ዊድሊን ናት። ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች።

«ይህ ቤት የሚተዳደረው በእኔ ፀጉር ነው» ትላለች። «ዘይቱንማ ማንም ያፈላዋል። ሰው የሚገዛው እኔን አይቶ ነው።»

ዊድሊን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ የምትኖረው ከክርስትና እናቷ ከፊሎሚዝ ጋር ነው፤ በአገሩ ልማድ የክርስትና እናት «ማሬን» ትባላለች። ማሬን ፀጉራቸው ለሳሳ ሴቶች የጉሎ ዘይት ይሠራሉ። ሹሩባ በጥብቅ እየተሠራች ግንባሯ የተመለጠ፣ ከወለደች በኋላ ፀጉሯ ከማበጠሪያ ጋር እየወጣ ያለቀባት፣ ሁሏም እሳቸው ዘንድ ትመጣለች።

ሥራው ብዙ ነው። ጉሎውን መፈልፈል፣ በብረት ድስት እስኪጠቁር መቁላት፣ መውቀጥ፣ በውሃ ማፍላት፣ ዘይቱ ሲንሳፈፍ በማንኪያ መግፈፍ፣ የተገፈፈውን ደግሞ ውሃው እስኪጠፋ እንደገና ማፍላት። ከሁሉም የከፋው መውቀጡ ነው። ሙቀጫው ከዊድሊን ወገብ በላይ ይደርሳል። የተቆላው ጉሎ እንደ ጭቃ ይያያዝና ዘነዘናውን አልለቅም ይላል። ማሬን ትከሻቸውን ስለሚያማቸው የምትወቅጠው እሷ ናት። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ። ጎረቤቱ መንጋቱን የሚያውቀው ከዶሮው ይልቅ በእሷ ነው።

ዊድሊን ግን መውቀጡን ከቁም ነገር አትቆጥረውም። መውቀጥ አህያም እጅ ቢኖራት የምትችለው ነገር ነው። የእሷ ሥራ ፀጉሯ ነው፤ ለዚህም ማስረጃ አላት። ማሬን ባሕር እንዳትገባ ከልክለዋታል፤ ጨው ፀጉር ስለሚያደርቅ መሆን አለበት። የውሃ ባልዲ በአናቷ እንድትሸከም አይፈቅዱላትም፤ ባልዲው ፀጉሯን እንዳይበጣጥሰው ነው። ከዓሣው ወፍራሙን ቁራጭ፣ ከሙዙ ጥብስ ትልልቁን ወደ እሷ ሳህን እየገፉ «ብዪ፣ ብዪ» ይሏታል። እሑድ እሑድ ድስቱ ግርጌ የቀረውን ዘይት ከእሬት ጋር ለውሰው ራሷን ያሹላታል። ሙቀጫውንም ያስቀመጡት መንገደኛው ሁሉ የሚያያት በር ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ዕቃ ከፊት እንደሚደረደረው ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ይህ ሁሉ ደስ ይላት ነበር። አሁን ግን ከበሩ እስከ ሙቀጫው፣ ከሙቀጫው እስከ ምድጃው ስትመላለስ ሦስተኛ ዓመቷን ልትጀምር ነው። ባሕሩ ከበሩ ላይ ሆና ይታያታል፤ የጓደኞቿ ሳቅም ይሰማታል። እግሯ ግን አይደርስበትም።

ሰኞ ዕለት የጭነት መኪና ሹፌሩ ኦክዚል ከዣክሜል ከተማ መልእክት አመጣላት። የአክስቷ ልጅ ጌርዳ ከዐቢይ ጾም በፊት ለሚከበረው ካርኒቫል የወረቀት ጭንብል ከሚሠሩት ሰዎች ጋር ተቀጥራለች፤ አንድ ሰው ጎድሎባቸዋል፤ ቅዳሜ በመኪናው ትምጣ ብላለች። ዊድሊን እስኪመሽ አላስቻላትም።

«ማሬን፣ ጌርዳ ቅዳሜ ነይ ብላኛለች። እስከ ካርኒቫል ብቻ ነው።»

ማሬን ከሚለቅሙት ጉሎ ቀና አላሉም። «ከፋሲካ በኋላ።»

«ከፋሲካ በኋላማ ካርኒቫሉ አልፏል። ጭንብሉን ለማን ላጠልቅለት ነው?»

«ለእኔ አጥልቂልኝ።»

«ባለፈውም ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነበር ያሉኝ።»

«አልዋሸሁሽም፤ ፋሲካ በየዓመቱ አለ።»

ወደ ኦክዚል ሄዳ በድብቅ ይጭናት እንደሆነ ለመነችው። ሹፌሩ ጎማውን በእግሩ እየመታ ሳቀባት።

«ማሬንሽ በአፏ ካላለችኝ አልጭንሽም። የሚስቴ ግንባር በእሷ እጅ ነው እኮ። ከእሷ ተጣልቼ ከመላጣ ሴት ጋር ልደር?»

ሐሙስ ዕለት ባለ ሱቋ ማዳም ኦልጊና መጣች። ሻሿን ስታወልቅ ከጆሮዋ በላይ ያለው ቦታ እንደ ማንኪያ ጀርባ ያበራል። ዊድሊን ዘነዘናውን አቁማ ጉንጉኖቿን ወደ ፊት ወረወረቻቸው።

«ማዳም፣ ሦስት ወር ቢቀቡ እንደዚህ ነው የሚሆኑት።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ አንቺን ሳክል እናቴ ፀጉሬን ለማበጠር እህቷን ታስጠራ ነበር» አለቻትና ከማሬን ጋር ወደ ጓዳ ገባች።

ሴቶቹ ሁሉ እንደዚያው ናቸው፤ ጓዳ ገብተው ትንሽ ይንሾካሾኩና ጠርሙስ ይዘው ይወጣሉ። ዊድሊን ጓዳው ውስጥ ምን እንደሚባል ጠይቃ አታውቅም። በር ላይ እሷን ካዩ በኋላ ምን የሚያሳምን ነገር ቀረ? ማዳም ኦልጊናም ጠርሙሷን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ስትወጣ ዊድሊንን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ታድለሻል ፊሎሚዝ፤ እንዲህ ያለች ልጅ ከየት ይገኛል» አለች።

«እሷን ባጣ በሬን እዘጋለሁ» አሉ ማሬን።

በሌላ ቀን ቢሆን ዊድሊን በኩራት አንገቷን ትሰብቅ ነበር። ያን ዕለት ግን ጉንጉኖቿ ከበስተኋላዋ ከሙቀጫው ጋር የታሰሩ ገመዶች መሰሏት። ስምንት ገመድ። ሌሊቱን እየተገላበጠች አሰበችውና መውጫው ታያት። ፀጉሩ ከሌለ የሚይዛት ነገር የለም።

ቅዳሜ ማሬን ጎህ ሳይቀድ አንድ ድስት ጉሎ ቆልተው ሙቀጫው ውስጥ ገለበጡና ገበያ ወረዱ። «እስክመለስ ውቀጪው» ብለው። መኪናው የሚነሳው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ዊድሊን ልብሷን በላስቲክ ቋጠረች፤ የጠርሙሱን ውታፍ ጨርቅ የሚቆርጡበትን መቀስ አነሳች።

የመጀመሪያዋ ጉንጉን ስትወድቅ ሳቀች። ሁለተኛዋም ቀላል ነበረች። መቀሱ ዶልዱሞ ስለነበር አራተኛዋን እያኘከ ነው የቆረጣት። የመጨረሻዋ ከግራ ጆሮዋ ኋላ ያለችው ናት። እናቷ ፀጉሯን ስትሠራት ሁልጊዜ ከዚያች ነበር የምትጀምረው። ዊድሊን እሷን ይዛ ትንሽ ቆመች። ከታች የመኪናው ጥሩምባ አንድ ጊዜ ተሰማ። ቆረጠቻት። አንገቷ በረዳት፤ ራሷ የሌላ ሰው ራስ ይመስል ቀለላት።

ማሬን አህያ ላይ ሁለት ጆንያ ጉሎ ጭነው ተመለሱ። መጀመሪያ ጆንያዎቹን አወረዱ። ከዚያ ራሷን አዩ፣ ወለሉ ላይ የተጋደሙትን ጉንጉኖች አዩ፣ መቀሱን አዩ።

«መቀሱን ጠርገሽዋል?»

ዊድሊን ሌሊቱን ሙሉ ያጠናችውን ንግግር ጀመረች። «አልቋል ማሬን። ከእንግዲህ በር ላይ ብቆም ደንበኛ አባርራለሁ እንጂ አልጠራም። እኔን ይዞ መቆየት ለእርስዎም ኪሳራ ነው። ስለዚህ ለኦክዚል አንድ ቃል ይበሉትና ልሂድ።»

ማሬን ሻሻቸውን ፈቱ። ዊድሊን የማሬንን ግንባር ቀርባ አይታው አታውቅም። ከጆሯቸው በላይ፣ ሌላው ሴት በተመለጠበት ቦታ፣ እንደ ጫጩት ላባ የለሰለሰ ሽበት ሁለት ጣት ያህል በቅሏል።

«ሴቶቹ ጓዳ ገብተው የሚያዩት ይህን ነው» አሏት። «በስልሳ ዓመት ራስ ላይ የበቀለ ፀጉር። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ፀጉር አላት ብሎ ማን ዘይት ይገዛል?»

ዊድሊን እጇን ወደ ጉንጉኖቿ ሰደደች፤ እጇ ባዶ አንገቷን አገኘ። «ታዲያ ባሕር ለምን ከለከሉኝ?»

«ዋኝተሽ ስትመጪ ትተኛለሻ። ማን ሊወቅጥ ነው?»

«ባልዲውስ?»

«ትከሻሽ እንዳይደክም።»

«በር ላይ መቀመጤስ?»

«ቤት ውስጥ ብትወቅጪ ጣሪያው ይወርድብኛል።»

ስለ ዓሣው ልትጠይቅ አፏን ከፈተችና ተወችው። ከታች ጥሩምባው ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ቀጥሎ ሞተሩ ዳገቱን ሲያያዘው፣ ከዚያም ከኮረብታው ጀርባ ሲጠፋ ተሰማ። ማሬን ሻሻቸውን መልሰው አሰሩ። ዘነዘናውን ከግድግዳው አንስተው ዘረጉላት።

«የቆረጥሽው ፀጉርሽን ነው፤ ክንድሽ እንዳለ ነው» አሏት። «ነይ ውቀጪ።»