የጋሽ ገብረ ሥላሴ ምርቃት

እትዬ አልጋነሽ ከማንኪራ በእግራቸው ቦንጋ የገቡት ረቡዕ ጠዋት ነበር። ልጃቸው ዝማሬ እሑድ ትዳራለች። አባቷ ጋሽ ገብረ ሥላሴ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ምርቃታቸው ግን «መንግሥት ቤት ተቀምጧል»። ከመሞታቸው በፊት የቦንጋው ባህል መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሚሊዮን ስለ ንብ አያያዝ ድምፃቸውን ሲቀዳ፣ «ለሠርጓ አልደርስም» ብለው ልጃቸውን በቋንቋቸው በካፊኖኖ መርቀው ነበር የጨረሱት። ያን ቀን እትዬ አልጋነሽ ገበያ ነበሩ።

ሚሊዮን ቢሮ ገብተው ከነጠላቸው ጫፍ የስልክ ሚሞሪ ፈትተው ሰጡት። «ድምፁን ጫንልኝ ልጄ፤ ሠርጉ ላይ ትስማው።»

«ምን ችግር አለ እትዬ! ይቀመጡ» አለ ሚሊዮን። አፉስ ፈጣን ነው።

የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ከፍቶ የቅጂውን ሊንክ ሲነካ የፊት ገጹ መጣ፤ ያ የጫካ ፎቶ። ደግሞ ነካ። ያው ጫካ። ያኔ ነገሩ ገባው። አምና የድረ ገጹ ፋይሎች የሚቀመጡበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ በአዲስ ሲቀየር አንዳንዱ ሊንክ «አልተገኘም» ይል ጀመር፤ ኃላፊውም «እንግዳ ፊት አታዋርደን» ብለው ተቆጡ። እሱም ሰርቨሩ ላይ አንዲት መስመር ጻፈ፤ የሌለ ነገር የጠየቀ ሁሉ ወደ ፊት ገጽ ይመለስ የምትል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሱ ደብቆ ተመሰገነ። ያኔ አሮጌው ሰርቨር ዋናዎቹን ፋይሎች እንደያዘ ገና ጥግ ላይ ነበር። አሁን ተደምስሶ ለሌላ ቢሮ ተሰጥቷል።

መስመሯን አጠፋትና እንደገና ሞከረ። ሰርቨሩ እውነቱን ተናገረ፤ ፋይሉ የለም።

ፋይሎቹ ያሉበትን ማኅደር ከፈተ። ሽማግሌዎቹን ያከበረ መስሎት እያንዳንዱን ፋይል በባለቤቱ ስም፣ ከነአባቱ፣ በአማርኛ ፊደል ሰይሞት ነበር። ወደ አዲሱ ሰርቨር የገለበጠበት ፕሮግራም ደግሞ የአማርኛ ፊደል ስለማያውቅ እያንዳንዱን ፊደል በሰረዝ ተክቶታል። የፊደላቸው ቁጥር እኩል የሆኑ ስሞች ሁሉ አንድ ስም ሆኑ፤ የኋለኛው በፊተኛው ላይ ተጻፈ። ከአሥራ አንድ ሽማግሌ አራት ፋይል ቀርቷል።

ምናልባት ብሎ አንዱን ከፈተ። የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ። እትዬ አልጋነሽ ፈገግ ሊሉ ጀምረው ተዉት።

«ይሄ ሣህሌ ነው» አሉ። «የኔ ሰው አይደለም።»

የቀሩትን ሦስቱንም አሰማቸው። በእያንዳንዱ አይደለም እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚሊዮን ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም፤ የሆነውንም መሬት መሬት እያየ ነገራቸው።

«አንተ አጠገቡ አልነበርክም? ምን አላት? እስቲ አንተ ንገረኝ።»

ሚሊዮን ካፊኖኖ የሚያውቀው ለገበያ ያህል ነው። ያን ቀን ዓይኑ መቅረጫው ላይ፣ ሐሳቡ ባትሪው ላይ ነበር።

«ማሽኑ ይዞታል ብዬ አልሰማሁም እትዬ።»

እትዬ አልጋነሽ ሚሞሪዋን መልሰው ቋጠሩ።

«አሜንስ አላልክም?»

«ብያለሁ። ሲጨርሱ አሜን ብያለሁ።»

«እንግዲያው እሑድ ና» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «የተረፈን እሱ ነው፤ እሱኑ በልላት።»

እሑድ ማንኪራ ሄደ። ዝማሬ የአባቷን ጉልበት እንደምትስም ሁሉ ፊቱ ጎንበስ አለች። ሚሊዮን ምን እንደ ተባለላት ሳያውቅ አሜን አለ።