ጠንካራው ኮሌታ

ስም በጩኸት የሚጠራበትን አዳራሽ መጥላት የጀመርኩት ዛሬ አይደለም። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ወላጅ ይሰበሰብና ደረጃችን ይጠራ ነበር። ከአንደኛ ጀምረው ወደ ታች ይወርዳሉ። እኔ መጨረሻ ላይ ተጠራሁ። ሰው ሳቀ። ይሁን፣ ሰው መቼም ይስቃል። አባቴ ግን ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ሳቀ። አፍሮ እንደነበር አሁን ይገባኛል፤ ያኔ አልገባኝም። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ሲከፈት አልሄድም አልኩ። ተገረፍኩ፤ አሁንም አልሄድም አልኩ። «ግትር» የሚለው ስም የወጣልኝ ያን ጊዜ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። አባቴ ከሞተ ቆየ፤ ሳቁ ግን አልሞተልኝም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የቤታችን የፊት ክፍል ሱቄ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ መኝታ፣ ወዲህ የስፌት መኪና። የሰፈሩን ትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምሰፋው እኔ ስለሆንኩ ጉሮሮዬ በርዕሰ መምህሩ እጅ ነው። ልጆቹ «ሳይረን» ይሉታል። በዚያ ድምፅ ላይ ደግሞ ማይክ ይይዛል። በእሱ ትምህርት ቤትም ደረጃ የሚጠራው እንደ እኔ ጊዜ ነው፤ ልጁ መድረክ ይወጣል፣ ወላጁ ካለበት ብድግ ይላል። ለመጀመሪያዎቹ አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል፤ ከዚያ ጭብጨባው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ መጨረሻ ላይ ኪ ኪ ኪ የሚል ሳቅ ብቻ ይቀራል።

ልጄ አንድ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ነች። ነገሩን መጀመሪያ ያየሁት ኮሌታዋ ላይ ነው። ሸሚዟን ስዘፈዝፍ የግራው ጫፍ ተበልቶ ክሩ ተንጨፍርሯል።

«ትምህርት ቤታችሁ አይጥ ገባ እንዴ?»

«አላውቅም።»

«ጥርሷ ያንቺን ይመስላል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ግን ወደ መጽሐፏ ዞረች።

ሰፊ ያው ሰፊ ነው፤ የተበላ ሲያይ ይጠግናል። አሮጌውን ኮሌታ ተርትሬ አዲስ ቆረጥኩላት፤ ጠንካራውን ገበር ደርቤ ከቶበት ጠርዙን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። እንኳን ጥርስ መቀስም አይበሳው። በሳምንቱ ሳየው እንደ አዲስ ነው። ይኸው ተወች ብዬ ደስ አለኝ። ሞኝነቴን ተመልከቱ።

እሷ ከትምህርት ቤት ከመጣች እስክትተኛ ከመጽሐፍ ፊት አትነሳም። አባቷ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ሲገባ በመጋረጃው ቀዳዳ ያያትና በሹክሹክታ «ተያት፣ ተያት! ዘንድሮ ከአስር ውስጥ ናት» ይለኛል። ለተራ አስከባሪው ሳይቀር ነግሯል። ልጅቷን ሲያገኛት ግን የሚጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንተኛ ትወጫለሽ?»

እኔም መጽሐፉን አላነበው ነገር ስዕሉን አያለሁ። ሰኞ ሻይ ላደርስላት ስገባ ሆዷ የተከፈተ እንቁራሪት ተስላ አየሁ። ማክሰኞም እንቁራሪት። ትወዳታለች መሰለኝ አልኩ። ሐሙስ ዕለት እንቁራሪቷ እዚያው ገጽ ላይ ሆዷን ከፍታ ተኝታለች።

«ይቺ እንቁራሪት እስካሁን አልዳነችም?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ሞላ።

«እማዬ፣ ፊደሉ ይታየኛል እንጂ አይገባኝም። አንድ መስመር አነብና ሳይረን ስሜን ሲጠራ ይሰማኛል። ደግሜ ከላይ እጀምራለሁ።»

እንባዋን ልትጠርግ እጇን ከጠረጴዛው ሥር አወጣችና ቶሎ መለሰችው።

«እጅሽን አምጪ።»

«ምንም አልሆንኩም።»

«አምጪ አልኩሽ!»

በጥፍሮቿ ዙሪያ ያለው ቆዳ ተግጦ ቀይ ሥጋ ወጥቷል። አንዱ ገና ይደማል። ኮሌታውን ስዘጋባት ወደ ጣቷ ሄዳለች። እኔ ጨርቅ አዳንኩ ብዬ ስኮራ ልጄ ራሷን እየበላች ነበር። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

ምክር አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። መጽሐፉን ዘጋሁ፣ ጣቷን አጥቤ በቁራጭ ጨርቅ ጠቀለልኩ፣ አሮጌ ኮትና መተርተሪያ ሰጠኋትና ከመኪናዬ አጠገብ አስቀመጥኳት። ክሩን እየመዘዘች ቀስ በቀስ አወራችኝ። ባለፈው ስትጠራ ክፍል ውስጥ ከኋላዋ የሚቀመጥ ልጅ በሁለት ጣቱ እንዳጨበጨበላት። ጠዋት ጠዋት የበላችውን የትምህርት ቤቱ በር ጋ ሳትደርስ እንደምትመልሰው።

«መውደቅ አይደለም የፈራሁት፣ እማዬ። ለብቻዬ ብወድቅ እችለዋለሁ። እዚያ ላይ ቆሜ ግን... ልቤ የምትቆም ይመስለኛል።»

መኪናዬን አቆምኩ። የአባቴ ሳቅ ከክፍሉ ጥግ የመጣ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ከእራት በኋላ መጽሐፍ የለም አልኩ። አባቷ ተቆጣ።

«ሰው ልጁን አጥኚ ይላል፣ አንቺ ተርትሪ ትያለሽ! እኔ ምን አስጨነቅኳት? አንድ ቃል እኮ ነው የምጠይቃት!»

«ያንኑ ቃል ብቻ ነዋ የምትጠይቃት። በልታለች ወይ፣ ተኝታለች ወይ ብለህ ታውቃለህ? ጣቷን አይተሃል?»

አኩርፎ ወጣ።

በነጋታው የደረሱ ሱሪዎች ይዤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ተቀመጪ አላለኝም። የልጄ ስም በማይክ እንዳይጠራ፣ ውጤቷ በእጄ እንዲሰጠኝ ለመንኩት።

«እትዬ፣ ውድድር ልጅ ያጠነክራል» አለ።

«የኔዋን እያሳሳት ነው፣ መምህር።»

«ለአንድ ልጅ ሥርዓት አይፈርስም። ብትቀርም ስሟ ይጠራል።» ሱሪዎቹን በጣቱ ገፋ አደረጋቸው። «ዩኒፎርሙን እኛ እንስፋላችሁ የሚሉን ሌሎች ሰፊዎችም አሉ፤ እኛ ግን በሥርዓታችን ጸንተን ካንቺ ጋ አለን።»

ገባኝ። ሰው በማይክ ብቻ አይደለም የሚጮኸው። ወጥቼ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ያንን ሥራ ባጣ ምን እንደምሰፋ አላውቅም። ለልጄም ለባሌም አልነገርኩም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ስቆርጥ ሁለት ጊዜ ሳትኩ፤ ከዚያ በፊት ስቼ አላውቅም።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ልጄ የበላችውን መለሰች። ፊቷን አጥባ ወጣችና «እማዬ፣ ታምማለች ብትይልኝስ?» አለችኝ። ባዶ ወንበር ላይም እንደሚስቁ ታውቃለች፤ ቢሆንም ጠየቀችኝ።

«ከእኔ አትራቂ» አልኳት።

አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ሙቀቱ ያፍናል። አምስተኛ ክፍል ተጠራ፣ ስድስተኛ ተጠራ። አንድ ትንሽ ልጅ መጨረሻ ላይ ሲወጣ እናቱ ብድግ ብላ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ሰባተኛ ሲጀመር የልጄ እጅ በእጄ ውስጥ ያልተጨመቀ ጨርቅ ሆነ። ጣቷ ወደ አፏ ሲሄድ መልሼ ያዝኩት። ተይ ሱቅሽን አስቢ ይለኛል አንዱ ሆዴ።

ሳይረን ወረቀቱን ገለጠ። «ስምንተኛ ክፍል!»

ብድግ አልኩ።

«እትዬ፣ ገና አልጠራሁም» አለ በማይኩ።

«የልጄን እንዳትጠራ ነው።» ድምፄ ቀጭን ሆነ፤ ጉሮሮዬን ጠርጌ ደገምኩት። «ካርዷን በእጄ ስጠኝና እንሂድ።»

«እዚህ ሥርዓት አለ! ይቀመጡ!»

«ሴትዮ፣ ከለልሽን እኮ!» አለ አንዱ። ከኋላ ደግሞ፣ «መጨረሻ ወጥታባት ነው!» ተባለ፤ ያ ኪ ኪ ኪ ተነሳ።

ዞርኩ።

«ልትወጣ ትችላለች» አልኩ። «እኔም ወጥቻለሁ። መጨረሻ ብትሆን እናቷ ነኝ፣ ለእኔ ይነገረኝ። ለእናንተ ምን ያደርግላችኋል?»

ሳይረን ስለ ዩኒፎርሙ የሚናገር መስሎኝ ጠበቅሁ፤ ማይኩን ከአፉ አራቀና ለክፍል ኃላፊዋ መምህርት አንገቱን ነቀነቀ። እሷ ወርዳ ካርዱን እጄ ላይ አኖረች፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ስንወጣ አንዲት እናት ቀሚሴን ጎተተችኝ፤ «አንቺ፣ የኔንም ይዘሽልኝ ውጪ!» አለችኝ እየሳቀች። ራሷ ግን አልተነሳችም።

በሩን ሳንሻገር ከኋላችን «አንደኛ!» ተባለ፤ ጭብጨባው ተከተለን።

ልጄ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ረጅም ትንፋሽ ወሰደች፤ ደግማ ወሰደች።

«ስንተኛ ነኝ?»

ካርዱን ዘረጋሁላት። «አላየሁትም። ስትፈልጊ አንቺው እዪው። ልትነግሪኝ ከፈለግሽ ትነግሪኛለሽ።»

ሳትገልጠው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ማታ አባቷ ገባ። ወሬው ታክሲ ተራው ላይ ደርሶታል፤ ፊቱ ያስታውቃል። «ስን...» ብሎ ጀመረና የተጠቀለሉ ጣቶቿን አየ። «በልተሻል?» አላት። ለአንድ ቀን ይበቃል ብዬ ተውኩት።

ስለሚመጣው ዓመት ዩኒፎርም ከትምህርት ቤቱ እስካሁን የመጣ ቃል የለም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ፤ አልዋሽም።

ያን ማታ እራት ተበልቶ ሲያበቃ ሸሚዟን ከመስቀያው አወረድኩ። ያን ጠንካራ ኮሌታ ጠርዙን ተረተርኩ፣ ገበሩን መዝዤ አወጣሁ፣ ለስላሳውን ጨርቅ ብቻ መልሼ ሰፋሁት። እሷ አጠገቤ ሆና ታየኛለች።

«እንደገና ብበላውስ?» አለችኝ።

«ብይው» አልኳት። «ጨርቅ ሞልቶኛል።»