ክዳኑን ከፍቶ ማፍላት

ባውጁ ከምድጃው በላይ ያለው አየር መሳቢያ ድምፁ እንደሌለ ያስተዋለችው፣ ማንቆርቆሪያው ክዳኑ ተከፍቶ ሲንተከተክ ከቆየ በኋላ ነው። ቀና ብላ አየች። ጠፍቷል። መስኮቱም አውሎ ነፋሱን ፈርተው በፕላስተር እንዳሸጉት ነው። እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ወጥ ቤቱን ሞልቶታል። እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ በተዘረጋላት አልጋ ላይ ደግሞ እርጉዟ ልጇ ጂንግሩ ተኝታለች።

እሳቱን ቶሎ አጠፋችው።

"አየር መሳቢያውን ማነው ያጠፋው?"

"እኔ ነኝ" አለ ባሏ አኩን ከሳሎን። "እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ልጅቷ ትተኛ ብዬ ነዋ።"

"መቼ?"

"የመጣች ዕለት።"

ወንዙ በአውሎ ነፋሱ ከደፈረሰ ወዲህ የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል። ካውሹንግ ከተማ ውስጥ ይህን የማታውቅ እናት የለችም፤ ክሎሪኑ ከቆሻሻው ጋር ተገናኝቶ የሚፈጥረው መርዝ በኖ እንዲሄድ፣ ውሃው ከፈላ በኋላ ክዳኑን ከፍቶ፣ አየር መሳቢያውን አብርቶ፣ ትንሽ ማቆየት ነው። እሷ ደግሞ ለልጇ ብላ ከሰው ሁሉ አስበልጣ ስታፈላ ሰነበተች። ለካ ባፈላች ቁጥር ያንኑ መርዝ ስታስተነፍሳት ኖሯል።

"እማዬ፣ ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ" አለች ጂንግሩ እየተነሳች።

ባውጁ ነገረቻት። ጂንግሩ ሳቀች።

"እርግዝናዬን የምትከታተለው ሐኪም እኮ የሚጎዳው ለዓመታት ሲጠጣ ነው ብላኛለች። እኔን የሚገድለኝ ያንቺ ጭንቀት ነው።"

"አትሳቂ! አምናም ሐኪሞቹ ምንም የለም ብለውሽ ነበር።"

ጂንግሩ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። አምና የወረደባትን ፅንስ እስከዛሬ በዚህ ቤት ማንም አንስቶባት አያውቅም።

አኩን ከሳሎን መጥቶ ፕላስተሩን ልጦ መስኮቱን በረገደው። "ይኸው፣ አለቀ።"

ለባውጁ ግን አላለቀም። ከዚያ በኋላ የገዛ እጇን አላመነችውም። የጂንግሩ አማት ወይዘሮ ሊያው ቧንቧቸው ላይ ማጣሪያ አስገጥመው፣ ልጃቸው ከመርከብ ሥራው እስኪመለስ ምራታቸው እሳቸው ዘንድ እንድትከርም ለምነው ነበር። ባውጁ ናት እምቢ ያለች። በረንዳ ወጥታ ደወለች።

"ወይዘሮ ሊያው፣ ያ ማጣሪያ ይሠራል?"

"እንዴታ! ምነው?"

"ልጅቷን ዛሬውኑ ይውሰዷት።"

"ያደገችው የእናቷን ቤት ውሃ ጠጥታ ነው ያሉኝ እርስዎ አልነበሩም እንዴ?"

"ብያለሁ" አለች ባውጁ።

ሴትዮዋ ከዚያ በላይ አላፌዙም። "መጣሁ" አሉ።

ሲመሽ መጡ። ጂንግሩ ጫማዋን እያጠለቀች፣ "እኔ ምንም አላልኩሽም፣ እማዬ። ለምን ታባርሪኛለሽ?" አለች። ባውጁ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ አሰረችላት።

አሳንሰሩ ይዟቸው ወረደ።

"አትቆልፊው" አለ አኩን። "ሆድ ብሷታል፣ ከታች ልትመለስ ትችላለች።"

ባውጁ በሩን ይዛ ቆመች። ከመንገዱ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ብትመለስ አስገብታ እንደምታስቀራት ራሷን ታውቃለች። ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው።