የሉበና ካሴቶች

በፈረንጆቹ 1996 ሐምሌ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ረሺድ ከሚሠራበት ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ወጥቶ ፕላንፓሌ የተባለው ሰፈር ወዳለው ቤቱ ሲገባ፣ ባለቤቱ አይሻ የስልኩን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ ቆማ አገኛት። አታወራበትም፤ አልዘጋችውምም።

«ምን ሆነሻል?»

«ሉበና ሶሊያና ቤት የለችም» አለች።

ሉበና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው ናት። ጠዋት የወጣችው ከክፍል ጓደኛዋ ከሶሊያና ጋር አጠናለሁ፣ እዚያው አድራለሁ ብላ ነበር። ረሺድ ስልኩን ተቀበለ። ሶሊያና ታለቅሳለች።

«ጋሼ፣ ዙሪክ ነው የሄደችው። የሃድሎ ኮንሰርት። እንዳትናገሪ ብላኝ ነበር። አሁን ግን ራዲዮ ሰምቼ ፈራሁ።»

ራዲዮኑን ከፈተው። ከዙሪክ ወጣ ብላ ባለችው በረገንስዶርፍ አውሎ ነፋስ ተነስቶ፣ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ኮሊን ሃድሎ ሜዳ ላይ ሲዘፍን የመድረኩን ጣሪያ ገንጥሎ ሕዝቡ ላይ ጥሎታል። የተጎዱ አሉ። ስንት እንደሆኑ አልታወቀም።

ረሺድ ዙሪክ የሚነገረውን ጀርመንኛ አያውቅም። ደረጃውን ሮጦ ወጣና የጋሽ ኅሩይን በር ደበደበ። ጋሽ ኅሩይ ከነሱ በፊት ከአዲስ አበባ የተሰደዱ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዙሪክ ሲሠሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ሰምተው ሳይጨርሱ ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ።

አይሻ ስልኩ አጠገብ ቀረች። ረሺድ ለፖሊስ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ፍለጋ የሉበና ክፍል ገባ። ፎቶውን አገኘ። መስኮቱ ሥር የተደረደሩትን የሃድሎ ካሴቶችም ጠራርጎ ፌስታል ውስጥ ከተታቸው። ለምን እንደሆነ ራሱም አላወቀም። የት እንዳለች የሚነግሩት ሳይመስለው አልቀረም።

የዙሪክ ባቡር የከተማውን ሐይቅ እየታከከ ሲወጣ ጀልባዎቹ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫሉ። ረሺድ ማየት አልቻለም። ፌስታሉን ጋሽ ኅሩይ ጭን ላይ አስቀመጠ።

«እርስዎ እንግሊዝኛ ያውቃሉ። ይህ ሰውዬ ለልጄ ምን እንደሚላት ይንገሩኝ።»

ጋሽ ኅሩይ መነጽራቸውን አደረጉ። አንዱን ካሴት ሲያወጡ ፊታቸው ፈካ አለ፤ ወዲያው ደግሞ መፍካታቸው አሳፈራቸው።

«ይቺን አውቃታለሁ። ‹የከሰል ከተማ›፣ የመጀመሪያው አልበሙ ናት። አራት ኪሎ ተማሪ ሆኜ ሸክላው ነበረኝ። ይሄኛው ደግሞ ‹ብርቱካናማው ካፖርት›። ዓለም ያወቀው በዚህ ነው። የአባቱን ካፖርት ለብሶ ሥራ ፍለጋ ስለሚዞር ልጅ ነው። ቀንና ሌሊት እዘፍነው ነበር፤ ካፖርት እንኳ አልነበረኝም።»

«ሌሎቹስ?»

«እነዚህ የክፉ ዓመታቱ ናቸው። ድምፁ ጠፋ፣ አለቀለት የተባለ ጊዜ ያወጣቸው። ማንም አልገዛቸውም። ልጅህ ግን አላት።» በመጨረሻ አዲሱን አወጡ። «ይህ የዘንድሮው ነው። ዳግመኛ ያነሳው።»

«ልጆቹ ትራም ላይ የሚያዜሙት ዘፈን እዚህ ላይ ነው?»

«አዎ። ‹አትጠብቁኝ› ይባላል።»

«ምን ይላል?»

ጋሽ ኅሩይ በካሴቱ ውስጥ የታጠፈውን ወረቀት ዘርግተው አነበቡ፤ መልሰው አጠፉት።

«ረሺድ፣ ዘፈን ነው እኮ።»

«ምን ይላል፣ ጋሽ ኅሩይ?»

«‹መብራቱን አጥፉ፣ እራቴን አታቆዩ፤ ባቡሩ ወስዶኛል፣ እናንተ ቤት የለሁም› ይላል።»

ልጄ ኮንሰርት አልሄደችም፤ ጠፍታለች አለ ረሺድ በልቡ። ያን ሲያስብ የሆነ እፎይታ ተሰማው፤ የጠፋ ሰው በሕይወት አለ። ወዲያው ግን ጣሪያው ትዝ አለው፤ ብረቱ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ፍርሃቶች እየተፈራረቁ ያዙት። አንዱ ለቀቅ ሲያደርገው ሌላው ይይዘዋል።

ከበርን ከተማ በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ዝናብ መስኮቱን ይገርፈው ጀመር፤ ባቡሩም ሜዳ መሐል ቆመ። ሐዲዱ ላይ ዛፍ ወድቋል ተባለ። ጋሽ ኅሩይ ቀስ ብለው አማተቡ። ረሺድ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ደግፎ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ይላል። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠች ሴትዮ ጋዜጣዋን አጥፋ፣ ምንም ሳትጠይቅ ውሃዋን አቀበለችው።

ረገንስዶርፍ ሲደርሱ ገና ብርሃን ነበር። ከሜዳው በላይ የተጣመመ ብረት ይታያል፤ ጭቃው ላይ ባለቤት የሌለው ጫማ ተበትኗል። ረሺድ እያንዳንዱን ጫማ እያየ አለፈ። ልጆቹን የሰበሰቡት በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነው። እዚያ አንዲት ፖሊስ ጋሽ ኅሩይን አነጋገረቻቸው። ረሺድ ቋንቋው ስለማይገባው የሳቸውን ፊት ነበር የሚያነበው። ፊታቸው ተለወጠ።

«ምን አለች?»

«የሞተ የለም አለች።»

«ሌላስ?»

«አንዲት ጠቆር ያለች ልጅ ራሷን ስታ ሆስፒታል ተወስዳለች። ማን እንደሆነች አያውቁም።»

ረሺድ ፎቶግራፉን አውጥቶ ዘረጋላት። ፖሊሷ ፎቶግራፉን ተቀብላ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። እያየችው ቆየች። ከዚያ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀችና ጣቷን ወደ አዳራሹ ጥግ፣ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል በር ቀሰረች።

«ይህቺ እዚህ ናት ትላለች» አሉ ጋሽ ኅሩይ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «ደህና ናት። ስምሽንና ስልክሽን ስጪን ሲሏት ገብታ ቆልፋ እምቢ አለች።»

ረሺድ አዳራሹን እንዴት እንዳቋረጠ አያስታውስም። በሩን በመዳፉ መታ።

«ሉበና።»

ደግሞ መታ።

«ሉበና፣ አባትሽ ነኝ።»

«አባዬ፣ አትግባ» አለች ከውስጥ። «ፓርዶን፣ ይቅርታ፣ አባዬ። አትግባ።»

«ተጎድተሻል?»

«አይ። እጄን ትንሽ ነው።»

«ታዲያ ስምሽን ለምን አልነገርሻቸውም? ለምን አልደወልሽም?»

ሲያለቅሱ የሚወጣው የአፍንጫ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«አንተን ፈርቼ» አለች በመጨረሻ። «የሃድሎን ፖስተር ስትቀድ፣ ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ ከቤት ትወጫለሽ አላልክም? ጣሪያው ሲወድቅ ፈራሁ። ግን አንተ ስትመጣ የሚሆነውን... እሱን የበለጠ ፈራሁ።»

ረሺድ በሩን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሲያስፈራሩት ያደገ ሰው ነው፤ አገሩ እያለ በር ሲንኳኳ የሚንቀጠቀጥ ቤት ያውቃል። ልጄ እንዲያ አትኖርም ብሎ ነበር ይዟት የተሰደደው።

«እንዴት ነበር የወደቀው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሉበና መናገር ጀመረች። ሃድሎ የካፖርቱን ዘፈን እየዘፈነ ነበር። ነፋሱ መጣ፣ ድምፅ ማጉያው ጠፋ። እሱ ግን በባዶ ድምፁ «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!» እያለ ይጮህ ነበር፤ ካልሸሻችሁ አልወርድም አለ። አጠገቧ የነበረችን ልጅ እጇን ይዛ ጎተተቻት፤ ብረቱ ከኋላቸው አረፈ።

«ማንን ጎተትሽ?»

«አላውቃትም። እያለቀሰች ነበር።»

ቁልፉ ዞረ። ሉበና እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት፤ ግራ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። ረሺድ ሊነሳ ሲል እሷው ጎንበስ ብላ አነሳችው።

መተላለፊያው ላይ የሳንቲም ስልክ ነበር። ጋሽ ኅሩይ ወደ ቤት ደውለው እጀታውን ለሉበና ሰጧት። የአይሻ ጩኸት ከእጀታው ውጭ ይሰማል። ሉበና አማርኛውንና ፈረንሳይኛውን እየደባለቀች ደህና ነኝ፣ እማዬ፣ ደህና ነኝ ትላለች። ከዚያ አዳመጠች፤ ቀና ብላም የአባቷን ፊት አየች።

«አባትሽ ተቆጣ ወይ ትለኛለች» አለች። እጀታውን ወደሱ ዘረጋችው።

ረሺድ ተቀበላት።

«አልተቆጣሁም፣ አይሻ» አለ። «ፈርቼ ነው። በጣም ነው የፈራሁት።»

አይሻ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። ሉበና ደግሞ ጭቃ በነካው ቀኝ እጇ ክንዱን ያዘች፤ ስልኩን እስኪዘጋም አልለቀቀችውም።